የሩቅያ ጥፍር

ውባለም የሸምበቆውን ስንጥቅ በካራ ትልግ ነበር። ልጋ ስትጨርስ ከጫፍ እስከ ጫፍ በአውራ ጣቷ ትዳብሰዋለች፤ ስንጥር ካልወጋት ጎኗ በተነጠፈው ጨርቅ ላይ ታኖረዋለች። ለአንድ ክንድ ስድስት ይበቃል። አራቱ ደርሰዋል።

አምስተኛውን የሚልገው ከፊቷ የተቀመጠው ፈለቀ ነው፤ የሟች ባሏ ታላቅ ወንድም። ሃምሳ ዓመት አልፎታል። የቀወት ገበሬ ነበር፤ ጣልያን የመኪናውን መንገድ በማሳው መሃል ከቀደደው ወዲህ ነው ከሮቢት በላይ ያለው ሸለቆ ውስጥ ከአርበኞቹ ጋር የገባው። አንድ ጉልበቱ ስለማይታጠፍ ጠመንጃ ይዞ መሮጥ አይችልም። እጁ ግን ጽኑ ነው። የተመረጠውም ለዚሁ ነው።

ዕለቱ ሐሙስ ነበር። አርብ ወደ ማታ ከሸለቆው ሰው እኩሌታው ወደ ማጀቴ ይሻገራል። ያለ ወጌሻ አንሄድም ብለዋል፤ ባለፈው ጊዜ እግሩ የተሰበረ ጓደኛቸውን ዛፍ ስር ጥለው ሄደው ነበር። ከአሊዩ አምባ የመጡት ሼህ በድሩ ለአካባቢው ሁሉ ወጌሻ ነበሩ፤ ዘንድሮ ግን ቀኝ እጃቸው መንቀጥቀጥ ጀምሯል። እሳቸው ሦስት ዓመት ያስተማሯት ውባለም እዚሁ ላሉት ቁስለኞች ትቀራለች። ስለዚህ ሌላ ሰው መማር ነበረበት፤ ያውም በአራት ቀን። አስተማሪዋ ውባለም ሆነች።

ያስተማረችውም እንደተማረችው ነበር። ሼህ በድሩ ሲያስተምሩ አፋቸውን አይከፍቱም። እሳቸው ይሠራሉ፤ እሷ ታያለች። ከዚያ እሷ ትሠራለች፤ ከተሳሳተች ምንም ሳይሉ ይፈቱትና መልሰው እጇ ላይ ያኖሩታል። ጥፋቱን ራሷ እስክታገኘው አሥር ጊዜም ቢሆን ይፈቱታል። አስረው ሲጨርሱ ሁልጊዜ የበሽተኛውን ጥፍር ተጭነው ይለቃሉ። ለምን እንደሆነ ነግረዋት አያውቁም። በሁለተኛው ዓመት አንድ ቀን፣ ነጭ የሆነው ጥፍር ደም ሲመለስበት በድንገት ዓይኗ ውስጥ ገባ፤ ያን ጊዜ ገባት።

"ይኼ ይሆናል?" አለ ፈለቀ ስንጥቁን ዘርግቶ።

ዳበሰችው። "ይሆናል፣ ጋሼ።"

ሩቅያ ከዳሱ ሥር ተጋድማ ታያቸዋለች። የሼህ በድሩ ልጅ ናት። ታች መንደር ጥጥ እየፈተለች፣ የሁለት ዓመት ሴት ልጅ እያሳደገች ትኖራለች። ትናንት አመሻሽ ለሸለቆው ሰዎች ጨው ተሸክማ ስትወጣ ድንጋዩ ከዳት፤ የወደቀችው እንዝርት በምታሾርበት በቀኝ ክንዷ ላይ ነው።

ሼህ በድሩ አጠገቧ ተንበርክከው ስብራቱን በግራ እጃቸው ዳበሱት። "ንጹህ ስብራት ነው" አሉ። "ውባለም ትመልሰው፤ ፈለቀ ይሰረው። ነገ ሂያጅ ነው፤ ዛሬ በእኔ ልጅ ይወቀው።" ተነሥተው ጀበናቸውን አነሡ። "እኔ ለሶላት ውዱእ ላደርግ ልውረድ። የልጅን ጩኸት ቆሞ መስማት አልችልበትም።"

"አልጮህም" አለች ሩቅያ።

"እናትሽም እንዲያ ትል ነበር" ብለው ወደ ወንዙ ወረዱ።

ሩቅያ አልጮኸችም። ውባለም አንጓዋን ይዛ ስትስብ፣ አጥንቱ ተንቀሳቅሶ ቦታው ሲገባ፣ የነጠላዋን ጫፍ ነከሰች። ከዚያ ውባለም ክንዱን እንደያዘች ለፈለቀ ቦታ ለቀቀችለት። እሱ ስንጥቆቹን ደረደረ፤ ጨርቁን ከክርን ወደ አንጓ መጠቅለል ጀመረ። ባዞረ ቁጥር ይስባል።

"ጋሽ ፈለቀ፣ ነዶ መሰልኩዎት እንዴ?"

"እኔ ያሰርኩት ነዶ አውድማ ሳይደርስ ተፈቶ አያውቅም።"

"ታዲያ ሊወቁኝ ነው?"

"አንቺ ጭድሽ ይበዛል። ለማን ብዬ እደክማለሁ?"

ሩቅያ ሳቀች፤ ሳቁ ክንዷን ነቅንቆት ፊቷን አጨማደደች። ፈለቀ የመጨረሻውን ቋጠሮ አንዱን ጫፍ በጥርሱ፣ ሌላውን በእጁ ይዞ አጠበቀው።

ውባለም ጨርቁ ሥጋው ውስጥ ሲሰምጥ አየች። ከአንጓው በታች የእጇ ጀርባ ቀስ እያለ ይነፋል።

"ጋሼ" አለች።

"እህ?"

"ጨርቁ… በቃ?"

"በቃ። ጠብቋል።"

ከዚያ እሷ ስታደርግ እንዳየው የሩቅያን የመሃል ጣት ጥፍር ተጫነ፤ ለቀቀ። ጥፍሩን ግን አላየውም። የሚያየው ፊቷን ነበር። ጸሎት አድርሶ እንደጨረሰ ሰው ራሱን ነቀነቀና እጁን ጠረገ።

ውባለም ያን ጊዜ ነው ያወቀችው። አራት ቀን ሙሉ ጥፍር ሲጫን አይታዋለች፤ የት እንደሚያይ ግን ልብ ብላ አታውቅም። ለእሱ ጥፍር መጫን የሥራው መዝጊያ ነው፤ በር እንደመዝጋት።

ልትነግረው ፈለገች። አንዲት ቃል ነበረች። ግን ሩቅያ ትሰማለች፤ እሱም ገና በሠራው ደስ ብሎታል። ባለፈው ዓመት ባሏ ሲወድቅ ይህ ሰው በዚያ በማይታጠፍ ጉልበቱ ሬሳውን ሁለት ቀን በጀርባው ተሸክሞ አምጥቶ ደብራቸው አስቀብሮላታል። የባሏን ታላቅ ወንድም በሰው ፊት "አጥፍተዋል" የምትል ሴት ቀወት ውስጥ ሰምታ አታውቅም። ውሃ ሊቀዳ ሲሄድ ቀስ ብዬ አላላዋለሁ፤ እሱም ሳያውቅ ይቀራል፣ አለች በልቧ።

ውሃው ሳይቀዳ ጠባቂው ከላይ ከገደሉ አፍ አፏጨ። ሁለት ጊዜ ረጅም፣ አንድ ጊዜ አጭር። ባንዳ ከሮቢት ወጥቷል ማለት ነው።

እሳቱ ላይ አፈር ተደፋ። ሰዉ እንደ ልማዱ ሁለት ቦታ ተከፈለ፤ መራመድ የሚያቅታቸው በበቅሎ ወደ ላይኛው ዋሻ፣ መድኃኒቱና በእግራቸው የሚሄዱት ቁስለኞች ወደ ታችኛው ሸጥ። ሩቅያ ሕመሙ ስላደከማት በቅሎ ላይ ወጣች፤ ለጉልበቱ ሲባል ፈለቀ በቅሎዋን እየሳበ አብሯት እንዲሄድ ታዘዘ። ውባለም ከበቅሎዋ ጎን አምስት ስድስት እርምጃ ተከተለች።

"ጋሼ፣ ማሰሪያው—"

"አይዞሽ" አለ ወደ ኋላ ሳይዞር፤ "አይፈታም።"

በቅሎዋ ግራሩን አልፋ ዞረች።

ያን ቀን ውባለም፣ ሼህ በድሩና ቁስለኞቹ ሸጡ ውስጥ ድንጋይ ሥር ዋሉ። ሙቀቱ ከላይም ከታችም ነበር። ነፋሱ ከጣርማ በር በኩል ሲመጣ ጣልያኖች ለመንገዱ ተራራውን የሚበሱበት የድማሚት ድምፅ እንደ ሩቅ ነጎድጓድ ይሰማል። ባንዳዎቹ ታች መንገዱን ይዘው ስለነበር ማንም መንቀሳቀስ አልቻለም።

"ደህና አሰረላት?" አሏት ሼህ በድሩ ከቀትር በኋላ።

ውባለም መሬቱን አየች። "ደህና ነው" አለች።

እሳቸውም ሌላ አልጠየቁም። እሷ ግን ከዚያ ወዲያ በየሰዓቱ የራሷን ጥፍር እየተጫነች ትለቅ ነበር፤ ነጭ ይሆናል፤ ይቀላል። ነጭ ይሆናል፤ ይቀላል። ሌሊቱም እዚያው ነጋባቸው።

አርብ ጠዋት መንገዱ ተለቀቀ። ውባለም ከሸጡ ሰዎች ሁሉ ቀድማ ዳሱ ጋ ደረሰች። ፈለቀ ቀድሟት በቅሎዋን እያራገፈ ነበር። ዓይኑ በእንቅልፍ ማጣት ቀልቷል፤ ፊቱ ግን ፈክቷል።

"ሌሊቱን አልተኛሁም" አለ። "መጀመሪያ ክፉኛ አመማት። ይቃጠላል፣ ይወጋኛል አለች፤ ፍቱልኝ ብላ አልቅሳ ነበር። አልፈታሁም። አጥንት ሲገጥም ያማል፣ ቻይው አልኳት። አንቺ እንደምታደርጊው ጥፍሯን ስጫንላት ነው ያደርኩት። ሊነጋጋ ሲል ተዋት። አሁን ምንም አያማትም።"

ውባለም ካራዋን ብድግ አደረገች። እየሮጠች ገባች።

የሩቅያ ጣቶች አብጠው ጠቁረዋል። በዚያ ሙቀት ውሃ ውስጥ እንዳደረ ድንጋይ ይቀዘቅዛሉ። ውባለም ቋጠሮውን ለመፍታት ሞከረች፤ አልተፈታም። በካራ ቆረጠችው። ስንጥቆቹ ሲነሡ ክንዱ ላይ የስድስት ሸምበቆ ጎድጓዳ መስመር ቀረ። ጥፍሩን ተጫነችው። ሳትጫነውም ስትጫነውም አንድ ነበር።

"ውቤ" አለች ሩቅያ በደከመ ድምፅ፤ "ጣቶቼን አንቀሳቅሺልኝ እስቲ። የኔ አልመሰሉኝም።"

ውባለም አንድ በአንድ አጠፈቻቸው።

"አሁን አጠፍሻቸው?"

"አዎ።"

"አላወቅሁም" አለች ሩቅያ፤ ወደ ዳሱ ጣሪያ ዞረች።

ሼህ በድሩ ደረሱ። ተንበርክከው በሚንቀጠቀጥ እጃቸው የልጃቸውን ጥፍር ያዙ፤ መያዝ አቃታቸው፤ በግራው ያዙት። ተጫኑ፤ ለቀቁ፤ አዩ። አምስቱንም ጣት እንዲሁ አደረጉ። ከዚያ ሞቅ ያለ ውሃና ቅቤ አስመጥተው ራሳቸው እያሹ ብዙ ቆዩ።  በመጨረሻ እጁን ደረቷ ላይ አኖሩት፤ የተኛ ልጅ እንደሚያኖሩት አድርገው።

"ምን ሆነ?" አለ በሩ ላይ የቆመው ፈለቀ። ፊቱ ተለውጧል። "ሌሊቱን ጠብቄያታለሁ'ኮ።"

"ቀደር ነው፤ አላህ የጻፈው" አሉ ሼህ በድሩ።

"ክፉ ስብራት ነበረ እንግዲህ።"

 ፈለቀ ጥቂት ቆሞ ጥቅሉን ሊሸክፍ ወደ ወንዙ ሄደ። ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ሰዎቹ ይነሣሉ።

ሼህ በድሩ ወጥተው ድንጋይ ላይ ተቀመጡ። ውባለም ተከተለቻቸው፤ ግን አልተቀመጠችም።

"ነገ አክስቷ ሮቢት ታወርዳታለች" አሉ። "ሾላ ላይ ስትወጣ ወደቀች ትበል። የጣልያኑ ሐኪም ከአንጓዋ በላይ ይቆርጠዋል። ካልተቆረጠ እሷንም ይወስዳታል። እኔ መቁረጥ አላውቅም። ባውቅስ በምን እጄ?"

"ሼህ በድሩ፣ እኔ ትናንት ሲያስር አይቻለሁ።"

ቀና ብለው አዩዋት።

"ጨርቁ ሲሰምጥ አየሁ። ጥፍሯን ሲጫን ጥፍሯን እንዳላየም አየሁ።"

"ሸጡ ውስጥ ስጠይቅሽ ደህና ነው አልሽኝ።"

"አዎ።"

 ሽማግሌው ቀኝ እጃቸውን ሽርጣቸው ውስጥ ሸሸጉት፤ ከሽርጡ ሥርም ይንቀጠቀጥ ነበር።

"ይስደቡኝ" አለች ውባለም።

"ሦስት ዓመት ስትሳሳቺ ምን ብዬሽ አውቃለሁ?"

"ምንም። ይፈቱትና ይሰጡኛል።"

"እኔንም አባቴ ያስተማሩኝ እንዲያው ነበር። ጊዜ ነበረን፤ አሥር ጊዜ ብንፈታው ሰው አይሞትም ነበር።" ወደ ዳሱ አዩ። "እጄን አስተማርሁሽ። ዝም ያለ አፌንም አብረሽ ወሰድሽው።"

"አሁን ለጋሼ ይንገሩት። ሊሄድ ነው። ማጀቴ ላይ የሚያስረው ሁሉ እንደዚህ ነው የሚሆነው።"

"እኔ አልነግረውም።"

"ለምን?"

"የልጅቱ አባት ነኝ። እኔ ስነግረው እርግማን ይሆንበታል፤ ካሁን ወዲያ ሰው አይነካም። እነዚያም ያለ ወጌሻ ይሄዳሉ።" በዱላቸው ተደግፈው ተነሡ። "ተማሪው ያንቺ ነው፣ ልጄ።"

ፈለቀ ወንዙ ዳር ቁርቁራው ዛፍ ሥር ተቀምጦ ነበር። አሥራ ሁለት ስንጥቅ ሸምበቆ፣ አምስት የጨርቅ ቅዳጅ፣ አንድ ቀንድ ቅቤ ከፊቱ ደርድሯል። ሲያያት አኩፋዳውን ገለጥ አድርጎ አሳያት።

"የሚጎድል ነገር አለ?"

ውባለም ተቀመጠች። ስድስት ስንጥቅና አንድ ቅዳጅ ከመሃል አነሣች፤ የነጠላዋን ጫፍ ወደ ትከሻዋ ገፍታ ቀኝ ክንዷን ዘረጋችለት።

"ጋሼ፣ እንደ ትናንቱ ይሰሩኝ።"

"ምነው? አንቺ ደግሞ ተሰበርሽ?"

"ልክ እንደ ትናንቱ።"

ሊሳለቅ ነበር፤ ፊቷን አይቶ ተወው። አሰራት። እጁ ፈጣንና ጽኑ ነበር፤ የመጨረሻውን ቋጠሮ በጥርሱ ስቦ አጠበቀ። ጥፍሯን ሊጫን ጣቷን ሲይዝ "ይቆዩ" አለችው።

ቆየ። ወንዙ ሲወርድ ይሰማል። ከላይ ሰዎቹ በቅሎ ይጭናሉ። በእጇ ጀርባ ላይ ያሉት ሥሮች ተነሡ፤ ጣቶቿ መደንዘዝ ጀመሩ፤ ቆዳዋ ቀስ በቀስ ወደ ሰማያዊ ሄደ። ከጣርማ በር አንድ ጊዜ ነጎድጓዱ ተሰማ፤ ቆይቶም ሌላ። ፈለቀ አንዴ ወደ በቅሎዎቹ፣ አንዴ ወደ እሷ ያያል።

"አሁን ይጫኑ።"

ተጫነ፤ ለቀቀ። የሚያየው ፊቷን ነበር።

"ፊቴን አይደለም" አለች ውባለም። ድምፅዋ ለራሷም እንግዳ ሆነባት። "ጥፍሬን ይዩ።"

ጎንበስ ብሎ አየ።

"ነጭ ሆኗል" አለ።

"አዎ።"

"አይመለስም?"

"ይጠብቁት።"

ጠበቀ። ነጩ እዚያው ነበር፤ ከብዙ ቆይታ በኋላ በጠርዙ በኩል ትንሽ ጠይም ነገር ተጠጋው። ፈለቀ ከጥፍሩ ላይ ዓይኑን አላነሣም። ትንፋሹ ሲለወጥ ሰማችው።

"ደሙ እንዲመለስ ነው የምንጫነው" አለች። "ካልተመለሰ ማሰሪያው ጠብቋል ማለት ነው፤ ወዲያው ይላላል። ሕመሙ ሲብስም ይላላል። ሕመሙ ድንገት ሲተዋት ደግሞ…" 

"ሌሊቱን ሙሉ ተጭኛለሁ" አለ ፈለቀ።

"አውቃለሁ።"

"እኔ እንደ ማማተብ ነገር መስሎኝ።"

"እኔ ነኝ ያልነገርኩዎት።"

"ትናንት አይተሽ ነበር?"

"አይቻለሁ።"

"ታዲያ ለምን ዝም አልሽ?"

ውባለም የታሰረውን ክንዷን አየች። "ጋሼ ስለሆኑ" አለች።

 ፈለቀ "ፍቱልኝ እያለች" አለ፤ ለማንም አልነበረም። እጆቹን ጉልበቱ ላይ ዘርግቶ ተመለከታቸው። ከላይ አንድ ሰው ስሙን ጠራ።

"እኔ አልሄድም" አለ በመጨረሻ። "ሌላ ይፈልጉ።"

"ሌላ የለም።"

"በዚህ እጄ ሰው እንዴት እነካለሁ?"

"ይፍቱኝና እንደገና ይሰሩኝ።"

አልነቃነቅም አለ። ውባለም ክንዷን እንደዘረጋች ቆየች። ጣቶቿን አታውቃቸውም ነበር፤ ሩቅያ ያለችው ይህ ነው አለች በልቧ። ፈለቀ የእጇን መልክ ሲያይ ደነገጠና ተጣድፎ ፈታት። ደሙ እንደ እሾህ እየወጋ ተመለሰ።

እንደገና አሰራት። እጁ አሁን ይፈራ ነበር።

"ላላ" አለች። "አጥንቱ ይንቀሳቀሳል።"

ፈታው፤ አሰረው።

"ጠበቀ። ጣትዎን ከጨርቁ ሥር ያስገቡ። አልገባም አይደል? ጠብቋል።"

ፈታው። ሦስተኛውን ሲያስር ከንፈሩ ይንቀሳቀስ ነበር። ሲጨርስ ሳትነግረው ጣቱን ከጨርቁ ሥር አስገባ፤ ገባለት። ጥፍሯን ተጫነ፤ ለቀቀ፤ አንገቱን ደፍቶ አየ። ነጩ ወዲያው ቀላ።

"ይኼ ነው" አለች ውባለም።

ፈለቀ ጣቷን ሳይለቅ "ሩቅያ ታውቃለች?" አላት።

"አልነገርናትም። አባቷ ቀደር ነው ብለዋታል።"

ከላይ ደግመው ጠሩት። ዱላውን ተደግፎ በችግር ተነሣ፤ ያንን ጉልበቱን እየጎተተ ወደ በቅሎዎቹ ሳይሆን ወደ ዳሱ ወጣ። በሩ ላይ ሲደርስ ቆብ የሌለውን ራሱን በእጁ ዳበሰና ጎንበስ ብሎ ገባ። ከውስጥ የሩቅያ ድምፅ "ጋሽ ፈለቀ፣ ነዶዎን ሊያዩ መጡ?" ሲል ተሰማ። ከዚያ ፈለቀ ዝቅ ባለ ድምፅ "ሌሊት ፍቱልኝ ስትይኝ…" ብሎ ጀመረ።

ውባለም አልተከተለችውም። ቋጠሮውን በግራ እጇ ፈታች፤ በቀላሉ ተፈታላት። ስድስቱን ስንጥቅ ቆጥራ ከሌሎቹ ጋር አኩፋዳው ውስጥ ከተተች። ቅዳጁን ጉልበቷ ላይ ዘርግታ ጭምድዱን በመዳፏ አስተካከለች፤ ከዳር ጀምራ ጠቀለለችው፤ ከቅቤው ቀንድ ጎን አኖረችው።